ፎቶግራፍም ዕቃ ነው፤ ባለቤትም አለው

ከአንድ የነጋዴ ጸሓፊ፣ ተጂ



በዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ስለ ቡናና ስለ ሰሊጥ ገበያ፣ ስለ ጉምሩክ ቀረጥ፣ ስለ መርከብ ኪራይና ስለ ባንክ ወለድ ብዙ ጊዜ ሲጻፍ አንብበናል፤ ብዙም ተጠቅመንበታል። ዛሬ እኔ የማቀርበው አሳብ ግን በሚዛን ስለማይመዘን፣ በጆንያም ስለማይቋጠር፣ ከሁሉም የሚደንቀው ደግሞ ሺህ ጊዜ ቢሸጥ ከመጋዘን ስለማይጎድል አንድ ዕቃ ነው። ይኸውም ፎቶግራፍ ነው።

አስቀድሜ ማንነቴን ላስታውቅ። እኔ በተጂ ከተማ የአንድ የእህል ነጋዴ ጸሓፊ ነኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ከጨረስሁ ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ የገቢና የወጪ መዝገብ ስይዝ፣ ደብዳቤ ስጽፍ፣ ደረሰኝ ስቆርጥ ኖሬአለሁ። ፎቶግራፍ ማንሣት የእሑድና የበዓል ቀን መደሰቻዬ ነው እንጂ የሙያው ትምህርት የለኝም። ስለዚህ የምናገረው እንደ ሊቅ ሳይሆን፣ የእህሉንም የፎቶግራፉንም መዝገብ በአንድ እጅ እንደ ያዘ ሰው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ከረጢት ነው። በ2014 ዓ.ም. አሠሪዬ የበቾን ጤፍ አስበጥረውና አስፈጭተው በአምስት በአምስት ኪሎ ከረጢት ለአዲስ አበባ ሱቆች ለማቅረብ አሰቡ። ከረጢቱን እንዲያትም የታዘዘው ማተሚያ ቤት ሥራውን ጨርሶ ሲልክልን፣ በፊት ለፊቱ ፀሐይ የወጣችበት፣ ወርቅ የመሰለ አዝመራ ታትሞበታል። ማማሩስ አማረ፤ ነገር ግን ዕቃ የሚያወርድ አንድ ልጅ ከረጢቱን ገልበጥ አድርጎ አየና «ጋሼ፣ ይህ እኮ ስንዴ ነው» አለኝ። እውነትም ስንዴ ነበር። ዛላው ራሱን ቀጥ አድርጎ የቆመ እንጂ፣ እንደ ጤፍ ቀጥኖ የሚዘናፈል አልነበረም። ማተሚያ ቤቱን ብንጠይቅ፣ ፎቶግራፉ ከውጭ አገር የፎቶግራፍ ሻጭ በኢንተርኔት የተገዛ መሆኑን፣ «የእህል ማሳ» ተብሎ ሲፈለግ ከፊት የመጣው እርሱ መሆኑን ነገሩን።

ተጂን ለማያውቁ አንባብያን፤ ከተማችን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሰበታ በኩል ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ዙሪያዋ የዋልካ አፈር ሜዳ ነው። በክረምት አዋሽና የተጂ ወንዝ ሲሞሉ ሜዳው ውኃ ይለብሳል፤ ውኃው ሲሸሽ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ ይበቅልበታል። እንግዲህ ጤፉ ከመጋዘናችን ጓሮ ጀምሮ ዐይን እስከሚደርስ ተዘርግቶ ሳለ፣ እኛ የሰው አገር ስንዴ ምስል በውጭ ገንዘብ አስገዝተን በጤፋችን ላይ ለጠፍን ማለት ነው። እኔም በዚያን ቀን «የሰው አገር ሰው የስንዴውን ፎቶግራፍ ለእኛ ከሸጠ፣ እኔ የጤፌን ፎቶግራፍ ለእርሱ የማልሸጠው ስለ ምን ነው?» ብዬ ተነሣሁ።

ንግዱን ፈረንጆች «ስቶክ ፎቶ» ይሉታል። ስቶክ ማለት በመጋዘን የተከማቸ ዕቃ ማለት ስለ ሆነ፣ እኛ «የመጋዘን ፎቶግራፍ» ብንለው ከቃሉ አንርቅም። ነገሩ ከመሠረቱ አዲስ አይደለም። ኦቶ ቤትማን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1935 ከጀርመን አገር ወደ አሜሪካ ሲሰደድ ሁለት ሣጥን ሙሉ ፎቶግራፍ ይዞ ነበርና፣ በማግስቱ ዓመት በኒው ዮርክ ከተማ ስብስቡን ለጋዜጦችና ለመጻሕፍት አታሚዎች እያስከፈለ ማስጠቀም ጀመረ። የዛሬውን መልክ የያዘው ግን ኢንተርኔት ከተስፋፋ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በካናዳ አገር በካልጋሪ ከተማ አይስቶክፎቶ፣ በ2003 ደግሞ በኒው ዮርክ ሹተርስቶክ ተቋቋሙ። የሹተርስቶክ መሥራች ጆን ኦሪንጀር መደብሩን የከፈተው ራሱ ባነሣቸው 30,000 ያህል ፎቶግራፎች ነበር። ከዚያ ወዲህ በሩ ለማንኛውም ሰው ተከፈተ፤ ጥሩ ካሜራ ያለው፣ በኋላም ጥሩ የእጅ ስልክ ያለው ሁሉ ከየትም አገር ሆኖ ፎቶግራፉን መላክ ቻለ።

ገዢው የሚገዛው ፎቶግራፉን ሳይሆን በፎቶግራፉ የመጠቀም ፈቃድን ነው። አንድ ጊዜ ከፍሎ በማስታወቂያው፣ በመጽሐፉ፣ በዕቃው መጠቅለያ ላይ ያትመዋል፤ ነገም ሌላው ያንኑ ይገዛል። ስለዚህ አንድ ፎቶግራፍ መቶ ጊዜ ሊሸጥ ይችላል። ይህን የሰማ ሁሉ «እንዲህ ከሆነማ ተቀምጦ መብላት ነው» ይላል፤ እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን ነጋዴ የሆነ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ድርሻው ስንት እንደ ሆነ ነው።

አዶቢ የተባለው ኩባንያ ለፎቶግራፍ አንሺው ከሽያጩ 33 በመቶ ይሰጣል። አይስቶክ ፎቶግራፉን ለሌላም ሻጭ ከሚያቀርብ ሰው ሲገዛ የሚሰጠው 15 በመቶ ነው። ሹተርስቶክ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ባወጣው ደንብ ድርሻውን በሽያጭ ብዛት ከፍሎ ከ15 እስከ 40 በመቶ አደረገው፤ የደረሰበትም ደረጃ በየዓመቱ በጥር ወር መጀመሪያ ተሰርዞ ሰውየው ከታች እንዲጀምር ወሰነ። ገዢዎችም ብዙውን ጊዜ የሚገዙት በወር ተከፍሎ ብዙ ፎቶግራፍ በሚወሰድበት ውል ስለ ሆነ፣ ለአንሺው የሚደርሰው አንዳንድ ጊዜ አሥር የአሜሪካ ሳንቲም ብቻ ነው። ሻጮቹ ደግሞ ከዓመት ወደ ዓመት እየተጠቃለሉ ሄደዋል። ጌቲ ኢሜጅስ አይስቶክፎቶን እ.ኤ.አ. በ2006 በ50 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ አዶቢ ፎቶሊያ የተባለውን በ800 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን በ2014 መጨረሻ አስታወቀ፤ ጌቲና ሹተርስቶክም በጥር 2025 ለመዋሐድ መስማማታቸውን ገለጹ። አምራቹ እልፍ፣ ተረካቢው ሦስት አራት ሲሆን ዋጋ ቆራጩ ማን እንደሚሆን ለእህል ነጋዴ አይነገርም።

አሁን የራሴን መዝገብ ልግለጥ። በሁለት ዓመት ውስጥ 312 ፎቶግራፍ ልኬ 174ቱ ተቀባይነት አገኙ። የቀሩት የተመለሱበት ምክንያት ለእህል ቀማሽና ለቡና መርማሪ እንግዳ አይሆንም፤ እንደ ቡናው ሁሉ እዚህም ደረጃ አለ፤ ጉድፍ ይለቀማል። አንዱ ጥራቱ ደክሞ፣ አንዱ ጨለማ በዝቶበት፣ አንዱ ደግሞ ከኋላው የአንድ ቢራ ጃንጥላ ወይም የመኪና ምልክት ታይቶበት ተመለሰ። የሰው የንግድ ምልክት ያለበት ፎቶግራፍ ለማስታወቂያ አይሸጥምና። ጆንያው ላይ የተጻፈው የማዳበሪያ ፋብሪካ ስም እንኳ ሦስት ፎቶግራፍ አስመለሰብኝ።

የተሸጡትም እኔ የምመካባቸው አልነበሩም። ጎሕ ሲቀድ በአዋሽ ላይ የተኛውን ጭጋግ ለማንሣት አራት እሑድ ብርድ ላይ ቆሜአለሁ፤ አንድም ገዢ አላገኘም። የተሸጠው በሚዛን ላይ ያለ ጤፍ፣ ምጣድ ላይ ዐይኑን ያወጣ እንጀራ፣ ብር የሚቆጥሩ እጆች፣ በዝናብ ጊዜ በፕላስቲክ የተሸፈነ የሽንኩርት መደብ ነው። ገዢው ውበት ብቻ አይፈልግም፤ «ገበያ»፣ «ቁጠባ»፣ «ምግብ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ለጽሑፉ የሚስማማ ምስል ይፈልጋል። ሌላም የተማርሁት አለ። ከፎቶግራፉ ጋራ የሚጻፉት መፈለጊያ ቃላት በእንግሊዝኛ ናቸው። «እህል» ብዬ ስጽፍ ከዓለሙ ስንዴ ሁሉ ጋራ ተደባልቄ ጠፋሁ፤ «ጤፍ»፣ «አውድማ»፣ «ኢትዮጵያ»፣ «ሰፌድ» ብዬ ትክክለኛውን ስም በላቲን ፊደል ስጽፍ ግን ጤፍ የሚፈልግ ሰው አገኘኝ። ስሙን በትክክል የሚያውቅ ሰው ዕቃውን በተሻለ ይሸጣል።

ገቢው ታዲያ ስንት ሆነ? በሁለት ዓመት 61 ዶላር ከ40 ሳንቲም። ከዚህም ላይ ለአሜሪካ ገዢዎች ከተሸጠው ድርሻዬ 30 በመቶ ለዚያ አገር ግብር ተቀንሶአል፤ አገራችንና አሜሪካ ስለ ገቢ ግብር የተዋዋሉት የተደራራቢ ግብር ስምምነት የለምና። ሒሳቡም ወዲያው አይከፈልም፤ ለምሳሌ አዶቢ የሚከፍለው የተጠራቀመው 25 ዶላር ሲሞላ ነው። የሚላከውም በውጭ አገር የኢንተርኔት ገንዘብ አስተላላፊዎች በኩል እንጂ በተጂ ባንክ መስኮት ስላይደለ፣ እስኪደርሰን ድረስ ሌላ ኮሚሽን ይወጣበታል። እርግጥ ነው፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው አንድ ዶላር በብር ሲቆጠር ከእጥፍ በላይ ሆኖአል። ቢሆንም ለካሜራው፣ ለኢንተርኔቱና ለመብራት መጥፋቱ ያወጣሁት ተቀንሶ ሲታይ፣ መዝገቤ ኪሣራ እንጂ ትርፍ አያሳይም።

ይህን በግልጽ የምጽፈው ወጣቶቻችን እንዳይታለሉ ነው። «ፎቶግራፍ በኢንተርኔት ሸጣችሁ ትከብራላችሁ» እያሉ ለአንድ ሳምንት ትምህርት ብዙ ብር የሚቀበሉ ደላሎች በየከተማው አሉ። ደላላው የሚያተርፈው ከፎቶግራፉ ሳይሆን ከተማሪው መሆኑን አስተውሉ። ለመደሰቻና ለመማሪያ የሚሠራው ይሥራው፤ ቀስ በቀስም ሊያድግ ይችላል፤ የቤት ኪራይ እከፍልበታለሁ ብሎ መነሣት ግን በጥር ወር ጤፍ እንደ መዝራት ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ስለ ትርፍና ኪሣራ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱንም መናገር ያሳፍረኛል።

በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ከከተማው ጥቂት ራቅ ብሎ ባለ አንድ አውድማ ላይ አንዲት አረጋዊት እናት ጤፋቸውን በሰፌድ ሲያበጥሩ አገኘሁ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ነበርና እብቁ በብርሃን ተሞልቶ እንደ ዕጣን ጢስ ከበባቸው። ያን ጊዜ ያነሣሁት ፎቶግራፍ ካነሣሁት ሁሉ የበለጠ ነው። ሰው በግልጽ የሚታይበት ፎቶግራፍ ለንግድ እንዲሸጥ ግን የተነሣው ሰው የፈረመበት የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ነበር። እኔም በማግስቱ ይዤላቸው ሄጄ «እማማ፣ ለፎቶግራፉ ነው፤ እዚህ ላይ አውራ ጣትዎን ያሳርፉልኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም ያውቁኛልና አመኑኝ፤ ቀለሙን ነክተው አተሙልኝ።

እንግዲህ አስቡት። እኔ የአሥር ኩንታል ጤፍ ውል ስጽፍ ቃል በቃል ሳላነብብ፣ ሁለት ምስክር ሳላቆም የማንንም አሻራ ተቀብዬ አላውቅም። የአንድን ሰው ፊት ለመሸጥ ግን ሰውየው በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ፣ ምንም ሳላስረዳ፣ አሻራ አስደረግሁ።

ፎቶግራፉ ተሸጠ። ከሌሎቹ ሁሉ በላይ እርሱ ተሸጠ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዓመት በኋላ አዲስ አበባ የሚማረው የልጅ ልጃቸው በእጅ ስልኩ አንድ የውጭ አገር ድርጅት ማስታወቂያ ላይ አያቱን አየ። ማስታወቂያው ለረሃብተኞች ገንዘብ የሚለምን ነበር። ምርታቸውን የሚያበጥሩ እናት የረሃብ ምልክት ሆነው ቀርበዋል።

ሲጠሩኝ ሄድሁ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ያን ዓመት አሥራ ሁለት ኩንታል አስገብቻለሁ» አሉኝ። «ማንን ለመንሁ፣ ልጄ?» የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ ቀጥለው የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ «እኔ ጤፌን ስሸጥ ለማን እንደ ሸጥሁ ዐውቃለሁ። አንተ ፊቴን ለማን ሸጥኸው?»

መልሱ «አላውቅም» ነበር። የዚህ ንግድ ጠባይ ይህ ነውና፤ ሻጩ የገዢውን ስም አያውቅም፤ ገዢውም ፈቃዱ በሚፈቅድለት መጠን በፈለገበት ያውለዋል። በዚያው ሌሊት ፎቶግራፉን ከሽያጭ አወረድሁ። ቀድሞ የተሸጠውን ግን መልሶ መሰብሰብ አይቻልም፤ እንደ ተበተነ ጤፍ ነው። ከእርሱ ያገኘሁትን ገንዘብ በብር መንዝሬ ይዤላቸው ብሄድ «ይቅር፤ ሁለተኛ ስትመጣ አስቀድመህ ንገረኝ» ብለው መለሱልኝ።

ከዚያ በኋላ የአገራችንን ሕግ አነበብሁ፤ አስቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27፣ የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥም ይከለክላል። የሚቀጥለው ቁጥር ስለ ታወቁ ሰዎች፣ ስለ መንግሥት ሹመት፣ ስለ ፍርድና ስለ ትምህርት የመሳሰሉትን ልዩ ሁኔታዎች ያስቀምጣል፤ የዱቄት ከረጢት ግን ከነዚህ አንዱ አይደለም። ይኸው ሕግ ደግሞ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በውል ላይ ያሳረፈው አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ ሰውየውን እንደማያስገድደው ይናገራል። ሕጉ ከወጣ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ የእጅ ስልክም ኢንተርኔትም ሳይታሰብ፣ አውድማ ላይ የቆሙትን እናት አስቦአቸው ነበር።

ፎቶግራፍ አንሺውም ቢሆን ሕግ አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍ የአንሺው ሥራ መሆኑን አውቆ፣ ከሥራው የሚገኘውን ጥቅም ፎቶግራፉ ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ ለ25 ዓመት ይጠብቅለታል። እዚህ ላይ እኛ ነጋድያን ራሳችንን እንመርምር። የዘመን መለወጫ ካሌንደር ስናሳትም፣ የሱቃችንን ሰሌዳ ስናስጽፍ፣ የዕቃችንን ዝርዝር ስናዘጋጅ፣ ከኢንተርኔት ያገኘነውን ፎቶግራፍ ሳንጠይቅ እንወስዳለን። የጎረቤታችን ጆንያ በር ላይ ተቀምጦ ቢያድር አንድ ጣሳ አንዘግንም፤ የፎቶግራፉን ጆንያ ግን እስከ ታች እንገለብጠዋለን። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላልና፣ ይህ ሥራ ባለቤቱን ከመናቅ የመጣ ነው።

አንዳንድ ሰው «ይህ ስለ ምስል የሚደረግ ክርክር ለነጋዴ ምን ያደርግለታል?» ይል ይሆናል። መልሱ በቅርብ ታሪካችን ተጽፎአል። የሲዳሞ፣ የይርጋጨፌና የሐረር ቡና ስም እንደ ጥሬ ቡናው ሁሉ ዋጋ እንዳለው የተረዳነው፣ አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ስሞቹን በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሣና በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋራ ስትስማማ ነው። ስለ ጤፍም ቢሆን፣ አንድ የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ያገኘው የጤፍ አሠራር ፓተንት በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ እስኪሆን ድረስ ብዙ አከራክሮአል። ጥሬ ጤፍ በ1998 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር እንዳይወጣ ታግዶ ነበር። የጤፍ ስም፣ የጤፍ አሠራር፣ የጤፍ ምስል ግን ያለ ጉምሩክ ይወጡ ነበር። ከእህሉ ላይ የሚታየውን ሁሉ ሌላው ሲቆጥረው እኛ ካልቆጠርነው፣ ጉድለቱ ከእኛ ወገን ነው።

በመጨረሻው ዘመን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቶአል። ሰው ሠራሽ አእምሮ የሚባለው ማሽን በቃል ሲታዘዝ ምስል ይሠራል። አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ፋየርፍላይ የተባለው ማሽን የተማረው ከኩባንያው የሽያጭ መጋዘን ውስጥ ካሉ ምስሎች ጭምር ነው። እንግዲህ «ፈገግ ያለ ነጋዴ» ወይም «ፀሐይ የወጣችበት ማሳ» የሚል ፎቶግራፍ ዋጋው እየረከሰ እንደሚሄድ እገምታለሁ፤ ማሽኑ በአንድ ደቂቃ ይሠራዋልና። ማሽኑ የማይሠራው አንድ ነገር አለ። ይህ ጤፍ የበቾ ጤፍ ነው፣ የተወቃው በዚህ ዓመት ነው፣ ያበጠሩትም እኒህ ሰው ናቸው ብሎ መመስከር አይችልም። ለአስመጪውና ለላኪው ደግሞ ዋጋ ያለው ይህ ምስክርነት ነው። የውጭ አገር ገዢ ዕቃው ከየት እንደ መጣ ለማወቅ የሚጠይቀው ጥያቄ በየዓመቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ስለዚህ ለንግድ ምክር ቤታችን አባላት የሚከተሉትን አሳቦች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ለከረጢት፣ ለካሌንደርም ሆነ ለዕቃ ዝርዝር ፎቶግራፍ ስንፈልግ አስቀድመን በአካባቢያችን ያለውን አንሺ እንጥራ። በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በሱሉልታም ካሜራ ይዘው ሠርግ ብቻ የሚጠብቁ ጎበዛዝት አሉ። ከሠርግ በኋላ በጾሙ ወራት ሥራ ይፈታሉ። ስለ አንድ ፎቶግራፍ የምንከፍላቸው ከባሕር ማዶ ሻጭ ከሚያገኙት ሳንቲም ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ እኛም ስንዴ በጤፍ ላይ አንለጥፍም። የአገራችን አንሺዎች ብቃት እንዳላቸው፣ አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. የጀመሩት አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለው ዐውደ ርእይ ለዓለም አሳይቶአል።

ሁለተኛ፤ ስንገዛ በቃል አይሁን። ፎቶግራፉ በምን ላይ እንደሚታተም፣ ለስንት ዓመት፣ በስንት ብር እንደ ሆነ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ደረሰኝም ይቆረጥ። ይህ ለአንሺው መብት፣ ለነጋዴው ደግሞ ከክስ መጠበቂያ ነው።

ሦስተኛ፤ ምክር ቤቱ በአማርኛና በኦሮምኛ የተጻፈ አጭር የፈቃድ ወረቀት አዘጋጅቶ ለአባላቱ ቢያድል መልካም ነው። በውስጡ «ፎቶግራፉ ለማን ይሸጣል፣ በምን ላይ ይወጣል፣ ተነሺው ምን ያገኛል፣ ሐሳቡን ቢለውጥ ምን ይደረጋል» የሚሉት አራት ጥያቄዎች በግልጽ ይመለሱ። ማንበብ ለማይችል ሰው ይነበብለት፤ አሻራውም ሕጉ በሚያዝዘው ሰው ፊት ይረጋገጥ።

አራተኛ፤ ምክር ቤቱ የአባላቱን ዕቃ ፎቶግራፎች ከነቦታቸው፣ ከነወራቸውና ከነአንሺያቸው ስም በአንድ መዝገብ ቢያከማች፣ የውጭ አገር ገዢ ሲጠይቅ ከሰው አገር መጋዘን ከመለመን እንድናለን። ኦቶ ቤትማን በሁለት ሣጥን የጀመረውን እኛ በአንድ ሣጥን ልንጀምረው እንችላለን።

አምስተኛ፤ ፎቶግራፋቸውንም ሆነ ሌላ የእጅ ሥራቸውን በኢንተርኔት ለውጭ አገር የሚሸጡ ሰዎች ጥቂት ዶላር ሲመጣላቸው በሕጋዊው መንገድ እንዴት እንደሚቀበሉ ባንኮቻችን በጠራ አማርኛ ጽፈው በየቅርንጫፉ ቢለጥፉ፣ ያ ሁሉ ሳንቲም ወደ ጥቁር ገበያ አይሄድም። ሃያ ዶላር ትንሽ ናት፤ የሺህ ወጣቶች ሃያ ዶላር ግን ለአንድ አስመጪ የመድኃኒት መግዣ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ከባዱ ሦስተኛው ነው። የቀሩት አራቱ ገንዘብና ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ሦስተኛው ግን ከአንድ ሰው ደጃፍ ሄዶ ተቀምጦ መናገርን ይጠይቃል። እኔ ባለፈው ዓመት ሞከርሁት። አሠሪዬ የስንዴውን ከረጢት ጨርሰው አዲስ ለማሳተም ሲነሡ፣ ወደ እኒያ እናት ተመልሼ ሄድሁ። ካሜራውን ከቦርሳው ሳላወጣ አስቀድሜ ሁሉን ነገርኋቸው፤ ከረጢቱ የማን እንደ ሆነ፣ በየትኞቹ ሱቆች እንደሚሸጥ፣ ለሁለት ዓመት ብቻ እንደ ሆነ፣ ስንት ብር እንደሚከፈላቸው። ብዙ ጠየቁኝ። በመጨረሻም «ፊቴ ይቅር፤ እጄን አንሣ» አሉ።

ዛሬ በከረጢታችን ላይ ያሉት ሰፌድ የያዙ ሁለት እጆችና ማኛ ጤፍ ናቸው። ከታችም የቦታው ስምና ዓመቱ በትንሽ ፊደል ተጽፎአል። ፎቶግራፉ በውጭ አገር መጋዘን አልገባም፤ የተሸጠውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የተከፈለውም ለእርሳቸውና ለእኔ ተካፍሎ፣ እኔ በሁለት ዓመት ከባሕር ማዶ ካገኘሁት ይበልጣል። ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ከመጋዘናችን በር ላይ ቆም ብለው ከረጢቱን ያዩታል፤ ለማን እንደ ተሸጠ ያውቃሉና።

አሳቤን በዚህ እፈጽማለሁ። የሚቃወመኝ ወይም የተሻለ መንገድ የሚያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ በዚሁ ጋዜጣ ላይ ቢመልስልኝ በደስታ አነበዋለሁ።